በሩ ይቅደም፦ ሰው አገር መውጫ ስላጡ መንገደኞች የሚያስፈራ ፊልም ጎጃም ላይ እንዴት ይሠራል

መጀመሪያ መንፈሱን አትጻፉ። በሩን ጻፉ።

ይህን የምለው ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ስለሚያደርግ ነው። ሆረር ልሥራ ያለ ልጅ ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ፊቱ ምን ይምሰል፣ ደሙን በምን እናምጣው፣ ማን ነጭ ለብሶ ይቁም የሚለውን ነው። እንዲህ ዓይነት ፊልም ስንት አይተናል። ጥቂት ወጣቶች ለሽርሽር ሰው አገር ይሄዳሉ፣ አትግቡ የተባሉበት ይገባሉ፣ ይመሻል፣ መኪናው አልነሳም ይላል፣ ከዚያ አንድ ነገር መጥቶ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ታዲያ በማግስቱ ለጓደኛችን ስንተርክለት ጎልቶ የሚመጣልን መኪናው እምቢ ያለበት ደቂቃ ነው። ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይጠፋል። እኛ ወንበራችን ላይ ቁጭ ብለን እግራችን ነዳጅ ይረግጣል። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው።

ለእኛ ደግሞ ሰው አገር በር መዘጋቱ ተረት አይደለም። ጎጃም ውስጥ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጉ፣ ቶሎ አታገኙም። በሊባኖስና በብዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከፋላ የሚባል አሠራር አለ፤ የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስረዋል። ፓስፖርቷን ተቀምታ፣ ስልኳን ተነጥቃ፣ በሩ ከውጭ ተቆልፎባት የከረመች እህት ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ የእኛ ተመልካች "ፓስፖርቱን ስጡኝ" የሚል እጅ ሲያይ ምንም ሙዚቃ ሳይጨመርበት ሆዱ ይሸበራል። ፈረንጅ ያንን ስሜት ለማምጣት ግማሽ ሰዓት ይለፋል።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ዘጠኝ ደቂቃ የሚሆን ፊልም በሁለት ስልክ ቀርፀናል፣ ባሕር ዳርና አዊ ላይ። ታሪኩ ቀላል ነው። ወንድምና እህት ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ለሥራ ወደ ውጭ ይሄዳሉ። በመሸጋገሪያው አገር አውሮፕላኑ ይቀራል። ለአንድ ሌሊት አንድ አሮጌ ሆቴል ይወስዷቸዋል። ሌሊቱ አይነጋም። ምክሬን ሁሉ በዚህ ታሪክ ላይ እያሳየሁ እሄዳለሁ፣ እናንተ የራሳችሁን ታስገባላችሁ።

መውጫዎቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዝጉ

ወረቀት አውጡና ሰዎቻችሁ ከዚያ ቦታ ሊወጡ የሚችሉበትን መንገድ ሁሉ ጻፉ። በር፣ መስኮት፣ መንገድ፣ ስልክ፣ የሚያውቁት ሰው፣ ሰነድ፣ ገንዘብ፣ ቋንቋ፣ የሚነጋ ሌሊት። እያንዳንዱን የሚዘጋው ነገር ተመልካቹ "አዎ፣ ይሄ እኔም ላይ ደርሷል" የሚለው መሆን አለበት። መንፈሱ በሩን ዘጋው ካላችሁ ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል።

ስልኩን እንዴት እንደዘጋነው ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ ሲም የውጭ አገር አገልግሎት (ሮሚንግ) ካልተከፈተለት እዚያ አይሠራም፣ ይሄ ግልጽ ነው። ሆቴሉ ዋይፋይ አለው። እህትዬው ደስ ብሏት ትከፍታለች። ገጹ ስልክ ቁጥር ይጠይቃታል፣ ኮድ በመልእክት እንልካለን ይላታል። ኮዱ የሚመጣው በማይሠራው ሲም ነው! ይህችን ትዕይንት ስናሳይ ሰው ሁሉ ምላሱን ነው የመጠጠው። ሰይጣንም ጋኔንም አልነበረበትም።

ሰነዱን የዘጋነው በመሳቢያ ነው። ካሜራው የሚያየው የእንግዳ መቀበያውን ጠረጴዛና አንድ እጅ ብቻ ነው። እጁ ሦስት ፓስፖርት ይሰበስባል፣ ጠርዛቸውን ቀስ አድርጎ ያስተካክላል፣ መሳቢያ ውስጥ ያስገባል። መሳቢያው ይዘጋል። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ይዞራል። የሰውየውን ፊት አላሳየንም። (እውነተኛ ፓስፖርት አትጠቀሙ፤ የሚመስል ሽፋን ያለው ማስታወሻ ደብተር በቂ ነው። የማንም ሰው መረጃ ካሜራ ውስጥ መግባት የለበትም።)

ቋንቋው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰውየው የሚናገረውን ከታች በጽሑፍ አትተርጉሙ። ተመልካቹም እንደነሱ ግራ ይጋባ። ግን ዝም ብሎ ዓረብኛ የሚመስል ነገር የሚያንበለብል ተዋናይም አታምጡ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከሰማው ያሳፍራል፣ ደግሞ የማንንም ቋንቋ ማስፈራሪያ ማድረግ ጥሩ አይደለም። እኛ ሰውየውን ዝም አሰኘነው። ለሁሉም ጥያቄ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ ደረጃው ይጠቁማል። በቃ።

አንድ ነገር አደራ። ሰዎቻችሁ ብልህ ይሁኑ። ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ ብቻውን "ማነው?" እያለ የሚወርድ ሰው ተመልካቹን ያናድደዋል፣ የእጁን አገኘ ያስብለዋል። ትክክለኛውን ነገር ሁሉ አድርገው፣ ተያይዘው ሄደው፣ በሩን ፈትሸው፣ ገንዘብ ቋጥረው፣ እርስ በርስ ተጠባብቀው፣ ያም ሆኖ መውጫ ሲያጡ ነው አንጀት የሚበላው።

ፍርሃቱን ከቤታችሁ ውሰዱ

አያቴ ሌሊት ስምሽን የጠራ ሰው ካለ ሦስት ጊዜ ሳትሰሚ አቤት እንዳትዪ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ለምን ስላት መልስ የላትም። "አትበዪ ብያለሁ" ብቻ። እስካሁን ሌሊት የውጭ በር ሲንኳኳ ልቤ ይቆጥራል፣ አንድ፣ ሁለት።

ፊልማችን ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሰው አገር፣ አንድም አበሻ በሌለበት ሆቴል፣ ከኮሪደሩ ጫፍ የሆነ ድምፅ እህትዬውን በክርስትና ስሟ ይጠራታል። ወለተ ማርያም። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ይሄ አይደለም። አብሯቸው ያለው ጓደኛ እንኳ አያውቀውም። የሚያውቁት እናቷ፣ ያጠመቋት ቄስና ወንድሟ ናቸው፤ ወንድሟ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ያለው ንግግር ሁለት መስመር ነው።

"አያ፣ ሰማህ?"

"አልሰማሁም። አንቺም አልሰማሽም።"

ወንድምየው ይህን ሲል አያያትም። እጇን ብቻ ይይዛል። እኛ ልጁን ያዘዝነው "የሰማህ ሰው ሁን፣ ግን እንዳልሰማህ አስመስል፣ እሷ እንዳትፈራ" ብለን ነው። ሰባት ጊዜ ቀርፀነው ሰባተኛው ተሳካ።

እናንተም የራሳችሁን ፈልጉ። ቤት ውስጥ የተከለከለ ነገር ሁሉ ለድርሰት ይሆናል። ማታ ቤት አይጠረግም፣ በምሽት መስታወት አይታይም፣ ጥፍር ሌሊት አይቆረጥም። ሽማግሌ ጠይቁ፣ ቡና ላይ ጠይቁ። ፈረንጅ አገር ያለ መንፈስ የፈረንጅ መንፈስ መሆን የለበትም፤ መንገደኛ ፍርሃቱን ከአገሩ ሻንጣው ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው።

ስለ ቡዳ ግን ቁም ነገር አለኝ። እባካችሁ ቡዳን የፊልም ጭራቅ አታድርጉት። በእኛ አገር ይህ ስም የተለጠፈው በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ ነው፤ ብረት በሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ በሚሠሩ፣ ቆዳ በሚፍቁ። በዚህ ሳቢያ ጋብቻ የተከለከሉ፣ ከጎረቤት የተገለሉ፣ የተደበደቡም አሉ። እኛ ለዘጠኝ ደቂቃ ደስታ ብለን ያንን እሳት ብናራግብ የሚቃጠለው የሰው ልጅ ነው። ጠበል ቦታ ሄዳችሁ የታመመ ሰው ሲጮህ ለመቅረፅ ደግሞ በፍጹም እንዳታስቡ። የጣና ገዳማትንም ተዉአቸው፤ ካሜራ ይዞ ሲገባ የሚያምር ጨለማ አለ፣ አውቃለሁ፣ ግን የሰዎች የጸሎት ቤት ነው። የታጠቀ ሰው መንገደኛ ሲያግት የሚያሳይ ነገርም አሁን በዚህ ጊዜ አትሥሩ። ያ ለብዙ ቤተሰብ ገና ያልሻረ ቁስል ነው።

እንዲህ ስል ሩቅ አገር የሆነውንም አስባለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ቼርኖቤል ዳያሪስ የሚባለው ፊልም ልክ ይህንኑ ዓይነት ታሪክ ይዞ ነበር፤ ጎብኚዎች ፕሪፕያት ገብተው መውጫ ያጣሉ። ፕሪፕያት ዩክሬን ውስጥ ያለች እውነተኛ ከተማ ናት። ሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ. አጠገቧ ያለው የቼርኖቤል የኒውክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ ወደ 49 ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር፣ በማግስቱ አውቶቡስ መጥቶ ወሰዳቸው፣ ለጥቂት ቀን ነው ተብለው ነበር፣ አልተመለሱም። ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች ፊልሙ ላይ ቅሬታ ያነሱት ለዚህ ነው። እኔም ፊልሙን ሳየው የተሰማኝ ይኸው ነው። ጭራቅ ከምትፈልጉበት ቦታ መጀመሪያ ማን ከዚያ እንደተፈናቀለ ጠይቁ።

ሰው አገርን ጎጃም ላይ ማግኘት

ያ ፊልም ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምራል። የተቀረፀው ፕሪፕያት ላይ አይደለም፣ ሰርቢያና ሃንጋሪ ውስጥ ነው። ተመልካች የሚያምነው ያሳያችሁትን ነው፣ የት እንደቆማችሁ አያውቅም። እና "ውጭ አገር የለንም" ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ።

ደን ከፈለጋችሁ ወደ ፋግታ ለኮማ ሂዱ። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ ዲከረንስ የተባለው ግራር የሸፈነውን አገር ታያላችሁ። ገበሬው የሚተክለው ለከሰል ነው። ዛፉ ራሱ የአውስትራሊያ ነው፣ ከዚያ የመጣ። በመስመር የተተከለ፣ ቁመቱ አንድ ዓይነት፣ ግንዱ አንድ ዓይነት፣ ከውስጥ ጠቆር ያለ። መሐሉ ገብታችሁ ሦስት ጊዜ ከዞራችሁ በየት እንደገባችሁ ይጠፋችኋል። እኛ ሦስቱን መንገደኞች በዚህ መስመር ቀጥ አድርገን አስኬድናቸው፣ አስኬድናቸው፣ ከዛፎቹ ማብቂያ ላይ ያው የሆቴሉ በር ጠበቃቸው። በሩ እርግጥ ባሕር ዳር ነው ያለው። በመሐሉ ያለው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ስትቆርጡ ይጠፋል፤ መጀመሪያ ጀርባቸውን ከደኑ ሲወጡ፣ ቀጥሎ ፊታቸውን በሩን ሲያዩ።

ጭስ አንገዛም ብለን ነበር፣ መግዛትም አላስፈለገን። ከሰል ሲከሰል ጠዋት ጠዋት ጭሱ ከመሬት ብድግ ሳይል በግንዶቹ መሐል እንደ ውሃ ይፈሳል። ፀሐይ ከጎን ስትገባበት ደኑ በሙሉ በጨረር ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ነገር በፊልም አላየሁም። ግን ጥንቃቄ። ጭሱ መርዝ አለው፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የተከመረው አፈር ላይ በፍጹም አትውጡ፤ ውስጡ ፍም ነው፣ ይደረመሳል። ደኑ ደግሞ የሰው ሰብል ነው። ባለቤቱን "አያ፣ እንዲህ ያለ ነገር ልንቀርፅ ነው፣ ቅርንጫፍ አንሰብርም" ብላችሁ አስፈቅዱ። እኛን ያስገቡን ሰውዬ ቀኑን ሙሉ አብረውን ዋሉ፣ መጨረሻ ላይ የትኛው መስመር የበለጠ እንደሚያስፈራ የመረጡልን እሳቸው ናቸው።

ለውስጡ የሆቴል ኮሪደር ይበቃል። ረጅም፣ መስኮት የሌለው፣ በሮቹ የሚመሳሰሉ። የሆቴል ኮሪደር ሁሉም አገር አንድ ነው፣ ጥቅማችን ይሄ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሂዱ፤ ያደረው እንግዳ ወጥቶ የሚያድረው ሳይገባ። አንድ ክፍል ተከራዩ፣ በነፃ አትለምኑ። እኛ መጀመሪያ በነፃ ፈቅደውልን አንድ ቦታ ገብተን፣ ሥራው እኩል ሲደርስ እንግዳ ቅር አለው ተብለን ውጡ ተባልን። ያ ቀን ባከነ። ሁለተኛው ቦታ ለክፍሉ ከፈልን፣ የምንቀርፀውን ገጽ አስነበብን፣ የሆቴሉ ስም እንደማይታይ ቃል ገባን። ማንም አልነካንም።

ሌሊትን በቀን

አሁን ባለው ሁኔታ ሌሊት ውጭ አትቅረፁ። የሰዓት እላፊ ሊኖር ይችላል፣ በየከተማውም ይለያያል፣ ባጃጅ አታገኙም፣ ደግሞ በጨለማ መሣሪያ የተሸከመ ቡድን ለማንም ደስ አይለውም። ቀን ሲሆንም ለቀበሌው አሳውቁና የፈቃድ ወረቀት ኪሳችሁ ይኑር። ድሮን አይታሰብም። የአሻንጉሊት ሽጉጥም አትያዙ።

ቀንን ሌሊት ማስመሰል ይቻላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ብርሃን ተመራጭ ነው። የስልኩን ካሜራ ወደ ፕሮ ቀይሩት፣ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) አውርዱት፣ ዋይት ባላንሱን (ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ እንዲያደላ የሚያደርገውን) ወደ 3200 አካባቢ ዝቅ አድርጉት፤ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ይሆናል፣ ዓይን ጨረቃ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሰማይ እንዳይታይ ግን ካሜራውን ወደ ታች አዘንብሉት። ነጭ ሰማይ ከታየ ውሸቱ ወዲያው ይነቃል። ቤት ውስጥ ከሆነ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኑ።

ሌላ ማንም ያልነገረን፣ ሁለት ቀን ያባከንንበት ነገር አለ። የኮሪደሩ መብራት ቪዲዮ ላይ ይርገበገብ ነበር። ስልኩ ተበላሸ ብለን ነበር። ነገሩ የኤሌክትሪኩ ነው፤ የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲቀርፅ አይገጣጠሙም። 25 ፍሬም አድርጉት፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ። ይቆማል። የስልካችሁ ካሜራ ይህን ካልፈቀደ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን አውርዱ፣ በነፃ ነው።

ለብርሃን የሌላ ስልክ ባትሪ ወደ ነጭ ግድግዳ አብሩና የሚመለሰውን ተጠቀሙ። ቀጥታ ፊት ላይ አታብሩ። ጨለማው ላይ ደግሞ አትስገብገቡ። ሰው ፊልማችሁን የሚያየው በስልክ፣ ምናልባትም ታክሲ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ነው። በጣም ካጨለማችሁት የሚያየው የራሱን ፊት ነው። የሚታይ ነገር ይኑር፣ ከበስተኋላው የማይታይ ነገር ይኑር።

ሌንሱን ጥረጉ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ፓወር ባንክ ሞልታችሁ ውጡ። መብራት ሊጠፋ ይችላል ሳይሆን ይጠፋል ብላችሁ ነው መሄድ ያለባችሁ።

ድምፅ ላይ ጊዜ ስጡ

ካሜራው ላይ ያጠፋችሁትን ጊዜ እጥፍ ድምፅ ላይ አጥፉ። ሰው ዓይኑን መጨፈን ይችላል፣ ጆሮውን አይችልም።

ንግግሩን በሁለተኛው ስልክ ቅዱ፤ ኢርፎን ሰክታችሁ ማይኩን ከተዋናዩ አንገት ሥር ልብስ ውስጥ ሸሽጉት። በእያንዳንዱ ቦታ ማንም ሳይንቀሳቀስ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ቅዱ። ዝምታ ድምፅ አለው፣ ኤዲት ስታደርጉ ቁርጥራጩን የሚያገናኝላችሁ እሱ ነው።

የሚጠራትን ድምፅ እንዴት እንደሠራነው ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ። የጓደኛችን እናት ናቸው የተናገሩት፣ ባዶ እንስራ ውስጥ። አፋቸውን ከእንስራው አፍ አስጠግተው፣ እንደሚወዱት ልጅ አባብለው "ወለተ ማርያም" አሉ። ስልኩ እንስራው ውስጥ ነበር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። የወጣው ድምፅ ሩቅም ቅርብም ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል። ጩኸት ብናደርገው ይበላሽ ነበር። የሚያባብል ድምፅ ነው የሚያስፈራው፣ አቤት ሊያስብል የሚችለው እሱ ስለሆነ።

ሌላው የሱቅ ፍሪጅ ነው። ሱቁ ሲዘጋጋ አጠገቡ ስልክ አስቀምጣችሁ አምስት ደቂቃ ቅዱት። ያንን እምምም የሚል ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ከሆቴሉ ትዕይንት ሁሉ ሥር አንጥፉት። ማንም አይሰማውም። ከዚያ የሚያስፈራው ነገር ሊመጣ ሲል ድንገት አቋርጡት። ያኔ ሁሉም ይሰማዋል! ማሲንቆም አንድ ጭራ ነው ያለው፣ ደጋኑን ሳያዜሙ ቀስ ብሎ ሲጎትቱበትና ኤዲት ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱት የአሮጌ በር ማጠፊያ ይሆናል። በገና ግን ለዚህ አትጠቀሙ። እሱ የጸሎት ዕቃ ነው።

ማስደንገጥ አንድ ጊዜ ይበቃል

ድንገት ዷ! ብሎ የሚያስደነግጥ ነገር ቀላል ነው፣ ድመትም ታስደነግጣለች። ዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ አንዴ ተጠቀሙበት፣ ሌላውን በትናንሽ ነገር ሙሉት። የእኛ ትንሽ ነገር ነጠላ ጫማ ነበር። እህትዬው ስትተኛ ጫማዋን አልጋዋ ሥር አፉን ወደ በሩ አድርጋ ታስቀምጣለች። ካሜራው ያየዋል፣ ምንም አይልም። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ያው ክፍል ይመጣል፣ ወንድምየው ያወራል፣ ከጀርባው ጫማው አለ። አፉ ወደ አልጋው ዞሯል። አላጠጋነውም፣ ሙዚቃ አልጨመርንም። ግማሹ ተመልካች አያየውም። ያየው ሰው ግን አጠገቡ ያለውን ክርን ይይዛል።

ተዋናዮቻችሁን የቴአትር አማርኛ አታናግሯቸው። ደብረ ማርቆስ ያደገ ልጅ እንደ ደብረ ማርቆስ ልጅ ይናገር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት ሦስት ወጣቶች ጫካ ውስጥ መንገድ ሲጠፋባቸው ያሳያል፤ ተዋናዮቹ ካሜራውን ራሳቸው ይዘው፣ አብዛኛውን ንግግር ራሳቸው እየፈጠሩ በስምንት ቀን ነው የተቀረፀው። አዘጋጆቹ የየቀኑን መመሪያ በትንሽ ወረቀት ለየብቻ ይሰጧቸው ነበር፣ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ይህን እኛም ሞክረናል። ጓደኛቸው ሆኖ ለተወነው ልጅ ብቻ "ድምፁ ሲጠራ አንተ አቤት ትላለህ" ብለን ጻፍንለት። ሌሎቹ አያውቁም ነበር። ልጁ አቤት ሲል የእህትዬው ፊት ላይ ያለው ድንጋጤ እውነተኛ ነው። ምግባቸውን ግን አንቀንስም፤ እዚያ ፊልም ላይ በየቀኑ ይቀንሱባቸው ነበር ይባላል። እኛ ሽሮ አስቀርበን አብረን በልተናል።

ኤዲቱን በካፕከት መሥራት ይቻላል። የኮሪደሩን ሾት ልቁረጠው ብላችሁ ካሰባችሁበት ቦታ ላይ አምስት ቁጠሩና ከዚያ ቁረጡ። ቀረፃውን ደግሞ በዚያው ቀን ሌላ ቦታ ገልብጡት፣ ፍላሽ ላይ፣ የጓደኛ ላፕቶፕ ላይ።

ለሰው አሳዩት፣ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ

ከመልቀቃችሁ በፊት ለአምስት ስድስት ሰው አሳዩት። ፊልሙን አትዩ፣ ፊታቸውን እዩ። ስልካቸውን ካዩ ያ ቦታ ረዝሟል። ከሳቁ ለምን እንደሆነ አትከራከሩ፣ አውጡት። መጀመሪያ መንፈሱን ነጭ ነጠላ አልብሰነው ነበር። ሁሉም ዘና አሉ። ነጠላ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እናት ነው፣ ማን ይፈራዋል? አወጣነው፣ ድምፁ ብቻ ቀረ።

አክስቴንም አሳየኋት። ልጇ ዓረብ አገር ናት። ላሳያት አልፈለግሁም ነበር፣ ግን እሷ ናት አምጪ ያለችኝ። ዘጠኙን ደቂቃ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አየችው። በዚያን ጊዜ ፊልሙ የሚያልቀው ወንድምና እህቱ በሩ ጋ ቆመው፣ ከኋላቸው ድምፁ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ነበር። ጨለማ። ያለቀ መስሎን በጣም ኮርተንበት ነበር። አክስቴ ስለ ድምፁ ምንም አላለችም። ስለ ጫማውም አላለችም።

"ፓስፖርታቸውንስ ሰጧቸው?" አለችኝ።

ያንን ማታ አልተኛሁም። በማግስቱ ለሁለት ሰዓት ያህል ክፍል ተከራየንና አንድ ሾት ጨመርን። ስልኩን በመጽሐፍ ደግፈን ጠረጴዛው ላይ አቆምነው፣ ከመሳቢያው ቁመት ትይዩ። መብራቱ ከአንድ ጎን ብቻ። ድምፁ ሦስተኛውን ጊዜ ከጠራ በኋላ፣ ፍሪጁ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ይዞራል። መሳቢያው ትንሽ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ይከፈታል። ክር አስረን ነው የሳብነው፣ ክሩ እንዳይታይ ጥቁር። የእህትዬው እጅ ወደ ፍሬሙ ይገባል።

እዚያ ላይ ቆረጥነው።